መልስ፦ ከሊድ አሲድ ወደ ሊቲየም ሲቀየር የኮንትሮለሩ ሴቲንግ

የ12 ቮልት የሶላር ባትሪዎን ከሊድ አሲድ ወደ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ቀይረው «ኮንትሮለሩ (ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ቻርጅ የሚቆጣጠረው) እንዳለ ቢቀጥል ችግር አለው?» ብለዋል። አዎ፣ አለው። መጀመሪያ ኢኳላይዜሽን (ሊድ አሲድን ለማመጣጠን ሆን ብሎ ከፍ ባለ ቮልቴጅ ቻርጅ ማድረግ) የሚለውን ያጥፉት። ቮልቴጁን ወደ 15 አካባቢ ስለሚያወጣው የባትሪው ቢኤምኤስ (ሴሎቹን የሚጠብቀው ውስጣዊ ሰርኪውት) መስመሩን ይቆርጣል፤ ፓነሉ ኃይል እየሰጠ ባትሪው ድንገት ሲለያይ ደግሞ ኮንትሮለሩ ራሱ ሊቃጠል ይችላል። የሙቀት ማካካሻውንም (የቻርጅ ቮልቴጁን እንደ ሙቀቱ የሚቀያይረውን) ያጥፉ፣ እሱ ለሊድ አሲድ የታሰበ ነው።

ባትሪው በተከታታይ የተያያዙ 4 ሴሎች ነው። እያንዳንዳቸው 3.55 ቮልት እንዲደርሱ አብሶርፕሽኑን (ባትሪውን የሚሞላውን ቮልቴጅ) 14.2፣ ፍሎቱን (ከሞላ በኋላ የሚይዘውን) 13.5 ያድርጉት። የአምራቹ ወረቀት ሌላ ቁጥር ካለው ግን እሱን ይከተሉ።

ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ፈጽሞ ቻርጅ አያድርጉ! ሊቲየሙ ግራፋይቱ (የሴሉ ኔጌቲቭ ኤሌክትሮድ) ውስጥ መግባት ሲያቅተው ላዩ ላይ ብረት ሆኖ ይለብጣል፤ ጉዳቱ አይመለስም።

የቀረውን ኃይል በቮልቴጅ መገመትም እዚህ አይሠራም፤ መሃሉ ላይ ንባቡ ከ13 ትንሽ ከፍ ብሎ ብዙም አይነቃነቅም። በሻንት (ከረንቱን ለመለካት መስመሩ ላይ በሚገባ አነስተኛ ሬዚስተር) አምፒር የሚቆጥር ሜትር ይግጠሙ። ሲያገናኙ ሁልጊዜ ባትሪው ይቅደም፣ ፓነሉ ይከተል፤ ሲፈቱ ደግሞ ፓነሉ ይቅደም።