ጠይቁኝ፦ የሰጠኋቸው፣ ያመጣኋቸውና እንቅልፍ የነሱኝ ተጫዋቾች

ሰላም ለሁላችሁ። ለማታውቁን፣ የኛ ሊግ 24 ቡድን ያለው የሲሙሌሽን ቤዝቦል ሊግ ነው። ጨዋታውን የሚጫወተው ኮምፒውተሩ ነው። ተጫዋቾቹም ፕሮግራሙ የፈጠራቸው ናቸው። እኛ ማናጀሮቹ እንለዋወጣለን፣ እናስፈርማለን፣ አሰላለፍ እንልካለን፤ ከዚያ ውጤቱን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። አሁን 21ኛው ሲዝን ላይ ነን። እኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ አለሁ።

እስካሁን 63 ልውውጥ አድርጌአለሁ። እያንዳንዱን ባደረግኩበት ቀን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፦ ማንን ሰጠሁ፣ ማንን ወሰድኩ፣ ለምን። ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። አንዳንዱ ገጽ ላይ ሳቅኩ፤ አንዳንዱን ቶሎ ብዬ ገለጥኩት። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ሳናንዛዛ፣ ከሁሉም የሚቆጭህ የትኛው ነው?

መልስ፦ ሾርትስቶፑ፤ በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚከላከለው ተጫዋች ማለት ነው። ከዚህ በፊት የሰማችሁ ታገሱኝ።

9ኛው ሲዝን ነው። ከመሪው በ2 ጨዋታ ብቻ ርቀን ሁለተኛ ነን። አንድ ፒቸሬ (ኳስ ወርዋሪዬ) ተጎድቷል። የልውውጥ መዝጊያው ሊደርስ 20 ደቂቃ ሲቀረው መልእክት ገባ። የ34 ዓመት ግራኝ ፒቸር፣ ኮንትራቱ በዓመቱ መጨረሻ የሚያልቅ። በምላሹ የሚፈልጉት አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ በታችኛው ሊግ የሚጫወት የ19 ዓመት ሾርትስቶፕ። የመምታት ደረጃው ያኔ 35 ነበር፤ አቅሙ ግን 65።

እሺ የሚለውን ተጫንኩ። ደብተሬ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ገና ልጅ ነው። ሾርትስቶፕ ሌላ ይገኛል።» ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ምን እንደታየኝ እንጃ።

ግራኙ አላሳፈረኝም። ፕሌይኦፍ አስገባን። በመጀመሪያው ዙር ወጣን፣ ኮንትራቱ አለቀ፣ ሄደ። ልጁ በ22 ዓመቱ ዋናው ቡድን ገባ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቦታውን ለማንም አልለቀቀም። እኔ በዚያ ቦታ ከዚያ ወዲህ 7 ሰው ቀያይሬአለሁ። ሌላ አልተገኘም።

ጥያቄ፦ እንዲህ ዓይነት ነገር በእውነተኛው ቤዝቦልም ያጋጥማል ወይስ የኛ ዕብደት ነው?

መልስ፦ ሞልቷል! ስለ ግራኙ ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ የአሜሪካው ቡድን የዲትሮይት ታይገርስ ነገር ነው። በኦገስት 1987 ፒቸር አጥሮት ዶይል አሌክሳንደርን ከአትላንታ ብሬቭስ አመጣ። ሰውየው 36 ዓመቱ ነበር። የሰጠው የ20 ዓመት ልጅ ነው፤ ጆን ስሞልትዝ ይባላል።

አሌክሳንደር በዲትሮይት ማሊያ 9 አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ሲዝኑን ጨረሰ። በ9 ኢኒንግ፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ጨዋታ ዙሮች፣ በአማካይ የተቆጠረበት 1.53 ራን (ነጥብ) ብቻ ነው። ታይገርስ ቶሮንቶን በ2 ጨዋታ በልጦ ምድቡን ወሰደ፤ ከዚያ በሚኒሶታ ተሸንፎ ወጣ። ስሞልትዝስ? በሙያ ዘመኑ 213 ጨዋታ አሸነፈ፣ 154 ሴቭ (መጨረሻ ላይ ገብቶ የቡድኑን መሪነት ጠብቆ ማስጨረስ) ጨመረበት፣ በ2015 የዝነኞች አዳራሽ ገባ።

በ1990 ደግሞ ቦስተን ሬድሶክስ ላሪ አንደርሰንን ለማምጣት ጄፍ ባግዌልን ለሂውስተን አስረከበ። አንደርሰን በዚያ ሲዝን ለቦስተን የወረወረው 22 ኢኒንግ ነው። ባግዌል ለሂውስተን 449 ሆም ራን (ከሜዳው አጥር በላይ የሚያልፍ ምት) መታ። ይኼን ሳነብ ትንሽ ቀለል ይለኛል።

ጥያቄ፦ ቆይ፣ ዲትሮይት ተሳስቷል እያልክ ነው? ዋንጫ ፍለጋ ላይ የነበረ ቡድን ምን ያድርግ?

መልስ፦ አላልኩም። እንዲያውም ልከራከርላቸው እችላለሁ። ምድቡን የወሰዱት በ2 ጨዋታ ልዩነት ነው፤ አሌክሳንደር ብቻውን 9 አሸንፏል። እሱ ባይመጣ ቤታቸው ቁጭ ብለው ነበር የሚያዩት። ስሞልትዝ ያን ጊዜ በታችኛው ሊግ የሚቀጠቀጥ ልጅ ነበር፤ ይህን ያህል ይሆናል ብሎ የማለ ሰው አልነበረም። ቦስተንም ቢሆን ባግዌል በሚጫወትበት ሦስተኛ ቤዝ ላይ ዌድ ቦግስን የሚያህል ሰው ነበረው።

ደብተሩን ሳነብ የገባኝ ይኸው ነው። እያንዳንዱን ልውውጥ ሁለት ጊዜ ነው የማርመው። አንድ ጊዜ በውጤቱ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ በዚያን ቀን በማውቀው ነገር ብቻ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። መጥፎ ውሳኔ ወስጄ ያማረልኝ አለ፤ በጎ ውሳኔ ወስጄ የተቃጠልኩበትም አለ።

የሾርትስቶፑ ግን በሁለቱም ይወድቃል። ምክንያቱም ያን ቀን የማውቀውን እንኳ አላየሁም። ሌሎች ሦስት ቡድኖች ፒቸር ሊሰጡኝ ፈቃደኛ ነበሩ፤ ልጁን ሳይጠይቁ። መልእክቶቻቸው እስካሁን አሉኝ። ያሯሯጠኝ ሰዓቱ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ አዲስ ነኝ። 35፣ 65 የምትሉት ምንድን ነው? «አቅም» የሚባለውስ ምን ያህል ይታመናል?

መልስ፦ እንኳን መጣሽ እህቴ። መለኪያው ከ20 እስከ 80 ነው፤ እውነተኞቹ የቤዝቦል መልማዮችም የሚጠቀሙበት ነው። 50 ማለት በዋናው ሊግ ደረጃ መካከለኛ ነው። 35 ያለው ዛሬ ብታሰልፊው ያሳፍርሻል። 65 የደረሰ ደግሞ ኮከብ ነው።

«አቅም» ግን ቃል ኪዳን አይደለም። መልማዩ እዚህ ሊደርስ ይችላል ብሎ የገመተው ነው፤ መልማይም ይሳሳታል። አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦል የሚባለውን የሲሙሌሽን ጨዋታ ከፍተሽ ብታዪ የተሰጥኦ ለውጥን በዕድል የሚያናውጥ ቅንብር አለው። መነሻው 100 ነው፤ ከፍ ሲል ልጆቹ በየጊዜው ይገለባበጣሉ። የሊግሽ ቅንብር ስንት ላይ እንዳለ ሳታውቂ ታዳጊ እንዳትሰበስቢ። እኔ በ4ኛው ሲዝን 5 ባለ 60 እና ባለ 65 አቅም ልጆች ሰብስቤ ስፎክር ነበር። ዋናው ቡድን የደረሰው አንዱ ነው፤ እሱም ተቀያሪ ሆኖ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ያኔ ነው የገባኝ።

ጥያቄ፦ ታዳጊ ልውሰድ ካልኩ መቺ ይሻላል ፒቸር?

መልስ፦ መቺ። የፒቸር ክርን የሚታመን ነገር አይደለም። ቶሚ ጆን የሚባለው የክርን ጅማት ቀዶ ጥገና ከ1974 ጀምሮ ብዙዎችን መልሷል፤ ነገር ግን ልጁን ከአንድ ዓመት በላይ ያስቀምጠዋል። ፕሮግራሙም ይህን አይረሳም።

ጥያቄ፦ በ13ኛው ሲዝን ያንን ፒቸር የሸጥኩልህ እኔ ነኝ። አሁንም ከኋላዬ ትሰድበኛለህ?

መልስ፦ ኧረ አንተ ጨዋ ነህ። ቂሉ እኔ ነኝ።

ነገሩን ለሌሎቹ ልንገር። ወንድማችን ግማሽ ሲዝን በ9 ኢኒንግ 2.40 ብቻ የተቆጠረበት ፒቸር ነበረው። ሁለት ጥሩ መቺዎች ሰጥቼ ወሰድኩት። እኔ ጋ እንደመጣ ኳሱ በየአቅጣጫው ይበር ጀመር። ምን ነካው ብዬ የድሮ ቁጥሩን ሳገላብጥ ምክንያቱን አገኘሁት።

ሆም ራን ሳይሆኑ ሜዳ ውስጥ ከገቡ ኳሶች መካከል ሂት (መቺውን ቤዝ የሚያደርስ ምት) የሆኑት 0.230 ብቻ ነበሩ። በዋናው ሊግ ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 0.300 አካባቢ ነው። ኳሱ አንዴ ከተመታ በኋላ ሂት ይሁን አይሁን ፒቸሩ እምብዛም አይወስነውም። በ2001 የቤዝቦል ቁጥር ተንታኙ ቮሮስ ማክራከን ይህን ሲጽፍ ብዙ ሰው ጮኾበት ነበር። ዛሬ ሲሙሌሽኖቹም የሚሠሩት ይህን እያሰቡ ነው። ስለዚህ ያየሁት 2.40 የፒቸሩ ችሎታ አልነበረም። የተከላካዮቹ እግር፣ የሜዳው ስፋትና ዕድል ተደምረው ነው። የራሱ ደረጃዎች እኮ 50፣ 45፣ 50 ብለው ቁጭ ብለዋል! ዓይኔ እያየ አለፍኳቸው። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት «አሴ ተገኘ» ነው። አንደኛ ፒቸር ማለቴ ነበር፤ ሆሄውም ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ ኮከብን በስንት ዓመቱ ነው መሸኘት?

መልስ፦ 30 ሳይሞላው፣ ስሙ ገና ሲያበራ። አብዛኛው መቺ ጫፍ የሚደርሰው ከ26 እስከ 29 ባለው ጊዜ ነው። ከእኔ 63 ልውውጦች ውስጥ ያተረፍኩት በብዛት እንዲህ አድርጌ ነው፤ ሰው ያለፈውን ዓመት ቁጥር እያየ ይከፍላል።

ግን እንደ ሕግ አትያዘው። ሲንሲናቲ ሬድስ በዲሴምበር 1965 ፍራንክ ሮቢንሰንን አርጅቷል ብሎ ለባልቲሞር ሰጠው። 30 ዓመቱ ነበር። ዋናው ምላሽ ሚልት ፓፓስ የተባለ ፒቸር ነው። ሮቢንሰን በቀጣዩ ዓመት በአማካይ 0.316 መታ፣ 49 ሆም ራን ጨመረ፣ በመምታት አማካይ፣ በሆም ራንና ባስቆጠራቸው ራኖች ሊጉን መራ፣ የዓመቱ ምርጥ ተባለ፣ ባልቲሞርም ዋንጫ በላ። ሲንሲናቲ ያን ቀን ደብተር ቢኖረው ምን ይጽፍ እንደነበር ባየሁ።

ጥያቄ፦ ዋርን ደምረህ ነው የምትወስነው?

መልስ፦ አይ፣ ከዚያ እጀምራለሁ እንጂ። ለማያውቁ፣ ዋር ማለት ተጫዋቹ በቀላሉ ከሚገኝ ተተኪ በላይ ስንት ድል እንደጨመረ የሚገምት ቁጥር ነው፤ 10 ራን ያህል ለአንድ ድል ይቆጠራል። ግን ባለ 2 ዋር ሁለት ሰው ከባለ 4 ዋር አንድ ሰው ጋር እኩል አይደለም። አንዱ የሚይዘው አንድ ቦታ ነው። በተረፈው ቦታ ሌላ ታሰልፋለህ። ሦስት ለአንድ ሲሉህ ብዙ ጊዜ አንዱን ያዝ።

ጥያቄ፦ እስቲ እውነቱን ተናገር። አዲስ ማናጀር በልተህ ታውቃለህ?

መልስ፦ አዎ። ይኼን ጥያቄ ማንም ባይጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር።

6ኛው ሲዝን ላይ ባለቤት ያጣ ቡድን አንድ ልጅ ተረከበ። በጣም ደስ ብሎት ነበር፤ በቀን አሥር መልእክት ይልክልኛል። የ20–80 መለኪያው ገና አልገባውም። ሦስት ታዳጊ ሰጥቼ የሦስተኛ ቤዝ ተጫዋቹን ወሰድኩበት። ሦስቱም ፎቶአቸው የሚያምር፣ ዕድሜአቸው 24፣ ከዚያ በላይ የማያድጉ ነበሩ። ጓደኞቼ «በለው!» አሉኝ። እኔም ኮራሁ።

ልጁ ሌሎች ሲያሾፉበት ነው የገባው። ጥቂት ሳምንት ቆየና መልስ መስጠት አቆመ። ቡድኑ እንደገና ያለ ባለቤት ቀረ፤ ያንን ሲዝን ሙሉ ኮምፒውተሩ መራው። አሁን አዲስ የገባ ሰው ለመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት እንዳይለዋወጥ የሚከለክለው ደንባችን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለምን እንደወጣ የማታውቁ ካላችሁ፣ በእኔ ምክንያት ነው።

በዚያ ገጽ ላይ የጻፍኩት አንድ ቃል ነው፦ «ቀለለ።» በቁጥር ከታየ ከምርጥ 3 ልውውጦቼ አንዱ ነው። ቶሎ የገለጥኩት ገጽም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ያ ሾርትስቶፕ አሁን የት ነው? መልሰህ ልታመጣው አስበህ ታውቃለህ?

መልስ፦ እዚያው ቡድን ነው። 31 ሞልቶታል። ፍጥነቱ ከ60 ወደ 45 ወርዷል፤ የኮንትራቱም ገንዘብ ከባድ ነው። ስለ ዕድሜ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ያነበበ ሰው አሁን ይሳቅብኝ፦ ትናንት ማታ ጥያቄ ልኬአለሁ። ደብተሬ ላይም 64 ብዬ ቁጥሩን ጽፌ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።

ማናጀሩ ይህን እያነበብክ ከሆነ፣ የፈለግከውን የ20 ዓመት ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ የሚይዘውን) እሰጥሃለሁ። ሁለተኛውን ልጅ ግን አልጨምርም። መዝጊያው ገና 9 ቀን አለው፤ አልቸኩልም።