ሻካራዋ ቦታ ጉዳት ናት ወይስ እትብት?

አንዲት አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «ከአያቴ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የብርጭቆ ብይ ወርሻለሁ። ከሁሉም የምትተልቀው ውስጧ ነጭ መረብ፣ ከመረቡ ውጪ ደግሞ ባለ ቀለም ክሮች አሏት፤ ግን ሁለት ቦታ ላይ ሻካራ ናት። ቀይና ነጭ በሆነች ሌላ ብይ ላይ ደግሞ ብርማ ግማሽ ጨረቃ ይታየኛል። አንድ የማውቀው ሰው ‹አስሞርጃቸው፣ አዲስ ይሆናሉ› አለኝ። ምን ይመክሩኛል?»

አያስሞርዷቸው። ምክንያቱ ረዘም ይላል፤ አንብበው ሳይጨርሱ ቆርቆሮውን ይዘው እንዳይሄዱብኝ ነው መልሱን ያስቀደምኩት።

ትልቋን ብይ ያንሱና ሻካራዎቹን ቦታዎች ይፈልጉ። እንደ ሰሜንና ደቡብ ዋልታ አንዱ ከሌላው ትይዩ ናቸው? የውስጥ ክሮቹስ ከአንዱ ተነስተው እየተጠማዘዙ ሌላኛው ላይ ይሰበሰባሉ? እንደዚያ ከሆነ ሻካራው ቦታ ብይዋ የተወለደችበት ነው። ሰብሳቢዎች ፖንቲል ይሉታል፤ እኔ እትብት ማለት ይቀናኛል። ሠሪው ባለ ቀለም ክሮች የተቀበሩበትን የጋለ የብርጭቆ ዘንግ ይጠመዝዝና ጫፉን ጎድጓዳ አፍ ባለው መቀስ ውስጥ እያዞረ ያድበለብለዋል፤ ከዚያ ይቆርጠዋል። ከዘንጉ የተለየችበት ቦታ ላይ ጠባሳው ይቀራል። ይህ መቀስ ሥራ ላይ የዋለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ጀርመን ውስጥ በቱሪንጊያ በምትገኘው ላውሻ ነው። የዚያ አካባቢ ብይ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በብዛት ወደ ውጭ ይላክ ነበር፤ ባለ መረቧም ከዚያ ወገን ልትሆን ትችላለች። «ልትሆን ትችላለች» ያልኩት በእጅ ብይ የሚሠሩ ሰዎች ዛሬም ስላሉ ነው። እትብት በእጅ መሠራቷን እንጂ ዕድሜዋን አይመሰክርም።

ሽራፊ ጠባዩ ሌላ ነው። ክሮቹ የት እንደሚገናኙ ግድ የለውም፤ የተመታበት ቦታ ላይ ያርፋል። 10 እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ቢያዩት ውስጡ እንደ ዛጎል ሞገድ ሞገድ ይላል፣ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙም ጥፍር ይይዛል። እጄ የለመደው መለያ ይህ ነው፦ ብርጭቆው ትኩስ ሳለ የደረሰበት ነገር ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የደረሰበት ግን ስለታም ነው። እጥፋትና ገጹ ላይ የተከፈተ አረፋ ሲዳሰሱ ለስለስ ይላሉ፤ የሥራ ጠባይ እንጂ ጉዳት አይደሉም። እትብት ብቻ፣ ብርጭቆው ትኩስ ሳለ ቢፈጠርም ሻካራ ስለሆነ፣ ከዚህ ሕግ ያፈነግጣል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተውም እሱ ላይ ነው።

ቀይና ነጯ ላይ ያዩት ግማሽ ጨረቃ ግን እውነተኛ ጉዳት ነው። ሁለት ብዮች ሲጋጩ ብርጭቆው ከንክኪው ዙሪያ በቀለበት ቅርጽ ይሰነጠቃል፤ ብዙውን ጊዜ ቀለበቱ ሳይሞላ የጥፍር ቁራጭ መስሎ ይቀራል። ብርማ የሚያደርገው ስንጥቁ ውስጥ የገባው ስስ አየር ብርሃኑን ስለሚመልሰው ነው። አረፋ ይሆን ብለው ከተጠራጠሩ አንድ መብራት ብቻ አብርተው ብይዋን ቀስ እያሉ ያሽከርክሯት። ጨረቃው በአንድ ማዕዘን ብልጭ ብሎ ትንሽ ሲያልፉት ይጠፋል፤ አረፋ ግን ከየትም ቢያዩት ድቡልቡል እንዳለ ነው። ጥፍርዎ ምንም ካልያዘ ቁራጩ አልወጣም ማለት ነው። እንዲህ ያለች ብይ ምንም ጉዳት ከሌላት ብይ በደረጃ ትወርዳለች እንጂ አትጣልም።

ይህችው ብይ በማሽን የተሠራች ትመስለኛለች። ማርቲን ክርስተንሰን የሚባል አሜሪካዊ በኦሃዮ ግዛት አክሮን ከተማ የብይ ማሽን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ወሰደበት። የጋለው ብርጭቆ በሚሽከረከሩ ባለ ቦይ ዘንጎች መሀል እየተንከባለለ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ እንደ ላውሻዎቹ ዓይነት እትብት አይኖርም። የመጀመሪያዎቹ ላይ ግን ብርጭቆውን በዘንግ የሚያወርደው ሰው ስለነበር በአንዱ ዋልታ የ9 ቁጥር ቅርጽ፣ በሌላው አጭር የቁርጥ መስመር ይገኛል። አክሮ አጌት የተባለው ፋብሪካም እዚያው አክሮን ተጀምሮ በ1914 ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ክላርክስበርግ ተዛወረ፤ በ1951 ተዘጋ። ቀዩ መስመር እንደ ቡሎን ጥርስ ከዋልታ ወደ ዋልታ ሳይቋረጥ ከዞረ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ጥርት ባለ ብርጭቆ መሀል ባለ ቀለም ቅጠል የመሰለባቸው የድመት ዓይን ብዮች ካሉ ደግሞ አያትዎ ከ1950ዎቹ ወዲህም ሲጨምሩበት ነበር ማለት ነው።

ወደ ሞረዱ ልመለስ። ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ደንበኛዬን ባለ ክር ብይ ሞርጄ አውቃለሁ። እትብቱ ሲጠፋ ደስ አለኝ። ተወልውላ ስታልቅ ግን ገጿ አጠገብ የነበሩት ቢጫ ክሮች መሀላቸው ተገምጦ ብጥስጥስ ብለዋል። እሷስ ታበራለች፤ ሊገዛት የነበረው ሰብሳቢ አንዴ አገላብጦ አየና መለሳት። የተሞረደች ብይ የቱንም ያህል ብታበራ ያልተነካች አትባልም፤ የወጣው ብርጭቆ ደግሞ አይመለስም። እርስዎም ሲገዙ ይህንኑ ይፈልጉ፦ በእጅ የተሠራች ተብላ እትብት የሌላት፣ ክሮቿም ገጿ ላይ የተቆረጡ ብይ ሞረድ አይታለች። ቅባት ቅባት የምትል ካጋጠመችዎት ጭረት ተደብቆባት ሊሆን ስለሚችል ታጥባ ትታይ ይበሉ።

ለማጠብ ለብ ያለ ውኃና ትንሽ ሳሙና ይበቃል። ሙቅ ውኃ ውስጥ አይክተቷቸው፤ ድንገተኛ ሙቀት የነበረውን ስንጥቅ ሊያስኬደው ይችላል። ዲያሜትር ሲለኩ ትልቋን በሦስት አቅጣጫ በካሊፐር ይለኳት፤ ልዩነት ቢያገኙ አይደንግጡ፣ በእጅ የተሠራች ብይ ፍጹም ክብ አይደለችም። ከዚያ እባክዎ ወደ ቆርቆሮው አይመልሷቸው። ያ ግማሽ ጨረቃ እዚያው ውስጥ እርስ በርስ ሲጋጩ የመጣ ሊሆን ይችላል። ለጊዜው የእንቁላል ካርቶን ውስጥ ለየብቻ ያስቀምጧቸው።