መልስ፦ ጓደኛዬ ሲሳሳት ልናገር ወይስ ዝም ልበል?

እህቴ፣ «ብናገራት ትርቀኛለች፣ ዝም ብላት ደግሞ ሕሊናዬ አያስተኛኝም» ብለሻል። እኔ በሁለቱም በኩል ተሳስቼ አውቃለሁ።

ኤፌሶን 4፥15 ላይ «እውነትን በፍቅር እየያዝን» ይላል። የሚገርመኝ የዚያችው የኤፌሶን ከተማ ቤተ ክርስቲያን በኋላ የደረሰባት ነገር ነው። ራእይ 2ን ተመልከቺ። ሐሰተኞችን መርምራ አጋልጣለች፣ ለዚህም ተመስግናለች። የተወቀሰችው የቀደመ ፍቅሯን በመተዋ ነው። ትምህርቷ ልክ ነበር፣ ልቧ ግን ቀዝቅዟል። (ብዙ ክርክራችን ይህንን ያስታውሰኛል።)

በሌላ በኩል ዝምታን ሁሉ ፍቅር አንበለው። አንዳንዴ ፍርሃት ነው። መወደዳችን እንዳይቀርብን ነው የምንሰጋው።

ነቢዩ ናታንን አስቢ። ንጉሥ ዳዊት የሰው ሚስት ወስዶ ባሏን ባስገደለ ጊዜ፣ እሱ ጋ ገብቶ ወዲያው አልጮኸበትም። ሀብታም ሰው አንዲት በጉን ስለወሰደበት ድሃ ታሪክ ነገረው። ዳዊት ራሱ በሀብታሙ ላይ ከፈረደ በኋላ ነው «ያ ሰው አንተ ነህ» ያለው። እውነቱን አላለዘበም፤ የሚሰማበትን መንገድ ግን ከፈተለት።

ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ራስሽን ጠይቂ፦ እንድትመለስ ነው የምፈልገው ወይስ ልክ መሆኔን እንድታውቅልኝ? ሁለተኛው ከሆነ ትንሽ ቆዪ፣ ጸልዪ። የመጀመሪያው ከሆነ ብቻዋን አግኚያት። በጽሑፍ መልእክት ባይሆን ይሻላል፣ ድምፅሽና ፊትሽ አይታዩበትም። መጀመሪያም ጠይቂያት፤ ምናልባት የሰማሽው ወሬ ጎደሎ ይሆናል።

ብትቆጣም ስልክ መደወልሽን አታቁሚ።