ለሦስት ደንበኛ አንድ ኮድ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ነው የምሠራው። ለፋርማሲ፣ ለትምህርት ቤትና ለብረታ ብረት መጋዘን በሲ ሻርፕ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። የቀን መቁጠሪያው፣ የብር መጠን በፊደል የሚጽፈውና የደረሰኙ ክላስ (አንድ ሥራ የሚይዝ የኮድ ክፍል) ለሦስቱም አንድ ነው። እስካሁን ፎልደሩን ኮፒ እያደረግኩ ነው። ጳጉሜን 6ን አልቀበልም የሚል ስህተት ፋርማሲው ላይ አስተካከልኩ፤ ትምህርት ቤቱ ላይ ግን አሁንም አለ። ሁሉንም አንድ ላይብረሪ፣ ማለትም ሦስቱም የሚጠሩት የጋራ ኮድ፣ ላድርገው? ጓደኛዬ «አንዱን ስትነካ ሦስቱም ይበላሻሉ» ይለኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አድርገው። ግን ሁሉንም አይደለም።

ቀን መቁጠሪያው ወደ ላይብረሪው ይውጣ። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን ናት። 2015 እንዲያ ነበር፣ ቀጣዩ 2019 ነው። ይሄ ለፋርማሲም ለመጋዘንም አይለያይም። ብር በፊደል መጻፉም እንደዚያው።

ደረሰኙ ላይ ግን ቆም በል። ትምህርት ቤቱ ወርሃዊ ክፍያና የማዘግየት ቅጣት አለው። መጋዘኑ በኪሎም በቤርጋም ይሸጣል። ዛሬ ስለተመሳሰሉ ብቻ አንድ ቤዝ ክላስ (ሌሎች ክላሶች የሚወርሱት አባት ክላስ) ውስጥ ብትከታቸው፣ ከርሞ «ትምህርት ቤት ከሆነ እንዲህ፣ መጋዘን ከሆነ እንዲያ» የሚል መስመር ይሞላበታል። ያኔ የጋራ ኮድ የለህም፤ ሦስት ፕሮግራም አንድ ፋይል ውስጥ ታጉረው ነው ያሉት። ደረሰኙ በየፕሮግራሙ ኮፒ እንደሆነ ይቆይ፣ ምንም አይልህም።

ጓደኛህ የፈራው ሦስቱም ፕሮጀክቶች አንዱን ፎልደር በቀጥታ ሲያነቡ ነው። መፍትሔው ላይብረሪውን ቁጥር ያለው የኑጌት ፓኬጅ ማድረግ ነው፤ ኑጌት የሲ ሻርፕ ኮድ ታሽጎ የሚከፋፈልበት መሣሪያ ነው። 1.4.2 ብትለው፣ የመጨረሻው ቁጥር ለጥገና፣ የመሐሉ ለጭማሪ፣ የመጀመሪያው የድሮውን ለሚሰብር ለውጥ ነው። መጋዘኑ 1.4.2 ላይ ይቆይ፤ ፋርማሲው 1.5.0ን ይሞክር። አንዱ ሌላውን አይነካም።

ኢንተርኔትም አይጠይቅህም። ለኑጌት ተራ ፎልደር ይበቃዋል። እኔ እዚህ ደሴ ፒያሳ ኔትዎርክ ሲሄድብኝ ሥራዬ አይቆምም። አንተም ብትፈልግ ፓኬጁን በፍላሽ ይዘህ የሐረጎን አቀበት በሚኒባስ ወደ ደሴ መውጣት ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። የወጣን ቁጥር ደግመህ አትጠቀም። ኑጌት አንዴ ያወረደውን ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል። ኮዱን ቀይረህ በዚያው ቁጥር ብታወጣው አሮጌውን እየሰጠህ «ለምን አልተስተካከለም?» ስትል ታመሻለህ። የድሮዎቹንም አትሰርዝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሌፍት ፓድ የሚባል 11 መስመር ብቻ የነበረው ኮድ ከኤንፒኤም (ከጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከማቻ) ሲሰረዝ፣ በዓለም ዙሪያ ስንቱ ፕሮጀክት አልገነባም ብሎ ነበር።

ውርስን፣ ማለትም አንዱ ክላስ የሌላውን ኮድ ወርሶ መሥራቱን፣ ደግሞ ቆጥብ። ልጁ ክላስ አባቱ ውስጥ ውስጡን በሚሠራበት መንገድ ይተማመናል፤ አባቱን ስትነካ ልጁ ሳታስበው ይወድቃል። ቀን መቁጠሪያው የማይወረስ ይሁን፣ የፈለገው ይጥራው።

መጀመሪያ እሱን ብቻ አውጣ፣ ከነቴስቱ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 በፈረንጆቹ መስከረም 11 ቀን 2023 መሆኑን የሚፈትሽ መስመር ይኑረው። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ላይ ጫነው፤ ስህተቱ ገና ያለው እዚያ ነው።