ነጥብ ከሌለ ማን ያሸንፋል?

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ጁጂትሱ እንለማመዳለን። ነጥብ የማይቆጠርበት ውድድር አለ ሲባል ሰማሁ። ሁለቱም እጅ ካልሰጡስ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንደ ውድድሩ ይለያያል። በተለመደው ውድድር ተጋጣሚን መጣል 2፣ ደረቱ ላይ መቀመጥ 4 ነጥብ ያስገኛል፤ ስለዚህ ብዙዎች ትንሽ ከመሩ በኋላ ሰዓት ይገድላሉ፣ ይሄ ደግሞ በጣም ያናድደኛል። ነጥብ በማይቆጠርበት ግን ማሸነፊያው ተጋጣሚን እጅ እስኪሰጥ ማነቅ ወይም መገጣጠሚያውን መቆለፍ ነው፣ አለቀ። በ2014 እ.ኤ.አ. ታዋቂዎቹ የጁጂትሱ ተጋጣሚዎች ሮይለር ግሬሲና ኤዲ ብራቮ በእንዲህ ያለ ግጥሚያ 20 ደቂቃ ታግለው ማንም እጅ ስላልሰጠ አቻ ወጡ። ብራቮ በዚያው ዓመት በጀመረው ውድድር ግን አቻ የለም፤ መደበኛው ሰዓት ካለቀ በተራ በተራ ከጀርባ ተይዘው ወይም ክንዳቸው ሊቆለፍ ተመቻችቶ ይጀምራሉ፣ ሁለቱም በሁሉም ዙር ካመለጡ በድምሩ ፈጥኖ ያመለጠው ያሸንፋል። እናንተም ሞክሩት። ክንዳችሁ ሲቆለፍ ግን ቶሎ ተጋጣሚያችሁን መታ መታ አድርጉ (እጅ ሰጠሁ ማለት ነው)፣ ተረከዝ መጠምዘዝን ደግሞ ያለ አሰልጣኝ እንዳትነኩት።