ሲሚንቶ የጎዳው የጭቃ ቤተክርስቲያን

ጥያቄ፦ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ራንቾስ ደ ታኦስ በሚባል መንደር ያለውን ከጭቃ የተሠራ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ጎብኝቼ ነበር። ምእመናኑ በየዓመቱ ራሳቸው ይመርጉታል አሉኝ። ለምን አንዴ በሲሚንቶ ለስነው አይገላገሉም? (አንባቢ፣ ከዴንቨር)

መልስ፦ ተሞክሮ ነበር፤ ጉዳቱ ከባድ ሆነ።

የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ ቤተክርስቲያን የታነጸው እ.ኤ.አ. ከ1772 እስከ 1816 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አካባቢው በስፔን ሥር ሳለ ነው። ጡቡ አፈርና ጭድ ተቦክቶ በፀሐይ የደረቀ እንጂ በእሳት የተተኮሰ አይደለም። ሠዓሊዋ ጆርጂያ ኦኪፍ ደጋግማ የሣለቻቸው፣ ከጀርባ በኩል የሚታዩት ወፋፍራም ድጋፎች ለውበት የቆሙ ቢመስሉም ሥራቸው ግድግዳው ወደ ውጭ እንዳይገፋ መያዝ ነው።

በ1967 ውጪው በሲሚንቶ ተለሰነ። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፤ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ በገጹ በኩል መልሶ ያወጣዋል። በላዩ ምርጊት ካለበት ይህ አይቋረጥም። ሲሚንቶ ግን መውጫውን ይዘጋል። ከዚህም በላይ ጭቃው እየረጠበና እየደረቀ ሲያብጥና ሲኮማተር፣ ግትሩ ልስን አብሮት መሄድ ስለማይችል ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ያወጣል። በዚያች ስንጥቅ የገባው ዝናብና የበረዶ ቅላጭ ከልስኑ ኋላ ታምቆ ጡቡን መልሶ ጭቃ አደረገው። ክፋቱ፣ ግድግዳው ውስጥ ውስጡን ሲበላ ላዩ ደህና መምሰሉ ነው። በ1979 ሲሚንቶው ተፍቆ ወረደ፤ ግድግዳውም ተጠግኖ ወደ ምርጊቱ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ምእመናኑ በየዓመቱ ሰኔ ገደማ ይሰበሰባሉ። ጊዜው በደንብ የተመረጠ ነው፤ ውርጩ አልፏል፣ የክረምቱ ነጎድጓዳማ ዝናብ ደግሞ ገና አልጀመረም። አፈሩ በወንፊት ይነፋል፣ ከአሸዋና ከጭድ ጋር ይቦካል። የላላው አሮጌ ምርጊት ይፋቃል፤ ግድግዳው ውኃ ይርከፈከፍበታል፤ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውኃ መጥጦ ስለሚወስድበት ሳይያያዝ ይረግፋል። ከዚያ በስሱ ይመረጋል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላ አይደረብም።

ልኩን የሚወስነው አፈሩ ነው። መረሬ ሲበዛ ይሰነጠቃል፣ አሸዋ ሲበዛ በጣት ሲነካ ይራገፋል። ስለዚህ አገር ቤት የጭቃ ቤተክርስቲያን ላላችሁም የምንመክረው፣ ሦስት አራት ዓይነት ቅልቅል አቡክታችሁ እያንዳንዱን በግድግዳው ላይ ክንድ በክንድ በሆነ ቦታ ሞክሩ። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ያልተሰነጠቀውንና መዳፍ ሲያሹበት ያልተራገፈውን ምረጡ። ከዚያ በፊት ግን ጣሪያውንና አሸንዳውን ጠግኑ፤ ከግድግዳው ሥር ውኃ የሚያቁር ከሆነም መፋሰሻ ቅደዱለት። ከታች የሚመጠውን እርጥበት የትኛውም ምርጊት አያስቆመውም።