ነህምያን ስታነቡ ምዕራፍ 3ን አትዝለሉ

ልጆቼ፣

መጽሐፈ ነህምያን አብዛኞቻችሁ የምታውቁት ከስብከት ነው። የኢየሩሳሌም ቅጥር በ52 ቀን ተጠናቀቀ፣ ተነሥተን እንሥራ፣ አሜን፤ ከዚያ ወደ ቤት። እኔ ዕድሜዬን በግንባታ ተቆጣጣሪነት የፈጀሁ ሰው ስለሆንኩ የማነበው ቀስ ብዬ ነው፤ እንደ ሳይት መዝገብ።

ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 445 አካባቢ ነው። ነህምያ ከፋርስ ንጉሥ ከተማ ከሱሳ ኢየሩሳሌም ደርሶ ሦስት ቀን ዝም አለ። ከዚያ በሌሊት ጥቂት ሰዎች ይዞ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ አየ፤ አንድ ቦታ ላይ የተቀመጠበት እንስሳ ማለፊያ እስኪያጣ ድረስ። ለሹማምንቱ ገና ምንም አልነገረም። ስንቱ ኃላፊ ነው ሳይት ሳይረግጥ መግለጫ የሚሰጠው!

ምዕራፍ 3 የስም ዝርዝር ስለሆነ ሁሉም ይዘለዋል። እኔ ደግሞ ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ወረቀትና እርሳስ ያዙና ማን የቱን በር እንደሠራ፣ ከጎኑ ማን እንደቆመ ጻፉ። ታላቁ ካህን የበጎች በርን ይሠራል። ወርቅ አንጥረኛውና ሽቶ ቀማሚው ድንጋይ ያነሳሉ። አንዱ ሹም ሴቶች ልጆቹን ይዞ ወጥቷል። የጕድፍ መጣያውን በር የሠራው የአውራጃ ገዥ ነው፤ ይህን ስታነቡ ትንሽ ቆም በሉ። ብዙዎቹ የደረሳቸው በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለው ክፍል ነው። የገዛ ደጁን የሚያጥር ሰው ተቆጣጣሪ አያስፈልገውም። የቴቁሓ ሰዎች የድርሻቸውን ጨርሰው ሌላ ክፍል ጨመሩ፤ መኳንንቶቻቸው ግን ለሥራው አንገታቸውን ዝቅ አላደረጉም። የእነዚያ መኳንንት ስም አልተጻፈም፤ እንቢታቸው ብቻ ይኸው እስከ ዛሬ ይነበባል።

ምዕራፍ 5ን ሳታነቡ አትተኙ። ውጭ ጠላት ከቧቸው ሳለ፣ ውስጥ ድሀው ለእህልና ለንጉሥ ግብር ብሎ እርሻውን አስይዟል፣ ልጆቹን ለባርነት ሰጥቷል። አበዳሪዎቹ የገዛ ወንድሞቹ ናቸው። ነህምያ እጅግ ተቆጣ፤ ግን ከመናገሩ በፊት በልቡ መከረ። ደግሞም እኔና ወገኖቼም አበድረናል ብሎ ራሱን ከነገሩ አላወጣም። በ12 የአገረ ገዥነት ዓመታት ለሹመቱ የተፈቀደለትን ቀለብ አልበላም፤ በገበታው ግን 150 ሰው ይበላ ነበር።

የመጨረሻው ምዕራፍ ያስቸግራል። ወደ ንጉሡ ሄዶ ሲመለስ፣ ያ ሥራውን ሲያፌዝበት የነበረው ጦብያ በቤተ መቅደሱ አደባባይ ጓዳ ተሰጥቶት አገኘው። ዕቃውን አውጥቶ ጣለ። ይህስ ይሁን። ቆይቶ ግን ባዕዳን ሚስቶች ያገቡትን ረገማቸው፣ አንዳንዶቹን መታ፣ ጠጉራቸውንም ነጨ። እዚህ ላይ ከነህምያ ጋር አልስማማም፤ እናንተ አንብቡትና ተከራከሩኝ።